የግሪንብራየር ሙት ምስክር፦ የሉዊስበርግ የፋኖስ ጉብኝት ዋጋውን ያወጣል?

ነጥቡን መጀመሪያ ልስጥና ልገላገል፤ ከአምስት ሦስት ተኩል። ይኼ ለማታው የእግር ጉብኝት ነው። ለከተማዋ ለራሷ ቢሆን አራት ተኩል እሰጥ ነበር። የአስጎብኚውን ድርጅት ስም አልጽፍም። ቅሬታ አለኝ፣ ያስጎበኘን ልጅ ደግሞ ጨዋ ነው፣ የሰው እንጀራ ውስጥ መግባት አልፈልግም። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩት፣ እንዳትደናገሩ።

ቦታው ግሪንብራየር ካውንቲ ነው፣ ዌስት ቨርጂኒያ። የካውንቲው ዋና ከተማ ሉዊስበርግ ትባላለች፣ ሕዝቧ ወደ አራት ሺህ ቢሆን ነው። ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ በ66 ቁጥር አውራ ጎዳና ወጥተን፣ 81ን ይዘን ወደ ደቡብ ወርደን፣ ሌክሲንግተን ጋ ወደ 64 ታጠፍን። ሳትቆሙ ከነዳችሁ አራት ሰዓት ግድም ነው። እኛ አክስቴን ይዘን ስለነበር አምስት ሰዓት ተኩል ፈጀብን። አክስቴ ከደብረ ማርቆስ ከመጡ ሁለት ዓመታቸው ነው፣ ተራራ ባዩ ቁጥር መኪናው ይቁም ይላሉ። ጥቅምት ነበር፣ ጫካው ቀይና ቢጫ ሆኗል። «ጮቄን ቀለም ቢቀቡት ይኼን ነበር የሚመስል» አሉ። ሦስተኛዋ ተጓዥ ልጃቸው ናት፣ ነርስ ናት። ጉብኝቱን ከስልኳ ላይ ያገኘችውም እሷ ናት። የሞተች ሴት ፍርድ ቤት የመሰከረችበት አገር አለ ብላ አንድ ሳምንት ሙሉ ጨቀጨቀችኝ።

ሉዊስበርግ ሳትደርሱ ዋይት ሰልፈር ስፕሪንግስ የምትባል ከተማ አለች። ትልቁ የግሪንብራየር ሆቴል ያለው እዚያ ነው። ከሆቴሉ ሥር ኮንግረሱ ከኒውክሌር ጦርነት የሚሸሸግበት ቤት ከ1958 እስከ 1961 በድብቅ ተሠርቶ፣ ጋዜጣ በ1992 እስኪያወጣው ድረስ ሠላሳ ዓመት ተደብቆ ኖሯል። አሁን ይጎበኛል። አንዱ በር ብቻ 25 ቶን ይመዝናል። ጥሩ ነው፣ ሂዱ፣ ሁሉም ሰው ስለሱ ስለሚጽፍ እኔ አልደግመውም።

አክስቴን የያዛቸው ሌላ ነገር ነው። ያ ሁሉ ሆቴል የተጀመረው በምንጭ ውሃ ነው። በ1778 ቁርጥማት ያሰቃያት አንዲት ወይዘሮ አንደርሰን የምትባል ሴት በቃሬዛ ተሸክመው አመጧት፣ የተቦረቦረ ግንድ ውስጥ ያንን ድኝ ድኝ የሚል ውሃ ሞልተው ነከሯት፣ ከዚያ ዳነች ይባላል። ወሬው ተዛመተ፣ ሰው ጎረፈ፣ ጎጆ ተሠራ፣ ጎጆው ሆቴል ሆነ። ይኼን ስተረጉምላቸው አክስቴ «ታዲያ ጸበል ነዋ! የማን ታቦት ነው?» አሉ። ታቦት የለውም፣ ምንጩ ላይ ባለው ጉልላት የቆመችው የግሪኮች የጤና አምላክ ናት ብላቸው አማተቡና ፊታቸውን አዞሩ። ከዚያ በኋላ ስለሆቴሉ ምንም ሊሰሙ አልፈለጉም።

ማታ አንድ ሰዓት ላይ ሉዊስበርግ ተሰበሰብን። አሥራ አራት ሰው እንሆናለን። አስጎብኚያችን ረጅም ካፖርት የለበሰ፣ ፋኖስ ያንጠለጠለ ወጣት ነው። ፋኖሱ የባትሪ ነው፣ ግን ከሩቅ አያስታውቅም። ከፍርድ ቤቱ ኋላ ካለው የሉዊስ ምንጭ ነው የሚጀምረው። አንድሩ ሉዊስ የሚባለው ቀያሽ በ1751 እዚህ ሰፍሮ ነበር፣ ከተማዋም በሱ ስም ነው የተጠራችው። በ1774 ደግሞ ይኸው ሰውዬ እዚሁ ጦር ሰብስቦ ኦሃዮ ወንዝ ዳር ወዳለው ፖይንት ፕሌዛንት ዘመተ። አስጎብኚው ልጅ ይኼን ቶሎ ቶሎ ብሎ አለፈውና ወደ እብዱ ገባ።

እብዱ የሚገርም ነው። ጆን ስቱዋርት የተባለው የካውንቲው ጸሐፊ በ1798 የካውንቲውን አጀማመር በመሬት ውል መዝገብ ላይ ጽፎ አስቀርቶታል፣ ታሪኩ ከዚያ ነው የሚመጣው። በ1749 ገደማ ፍሬድሪክ ካውንቲ ውስጥ አልፎ አልፎ አእምሮው የሚነካ አንድ ሰው ነበር። ሲነሳበት ጫካ ይገባል። አንዴ ወደ ምዕራብ ሲሄድ ሲሄድ ተራራውን አልፎ ከዚህ ወንዝ ደረሰ። ሲመለስ ውሃው ወደ ምዕራብ የሚፈስበት፣ አውሬ የሞላበት አገር አየሁ ብሎ አወራ። እብድ ነው ብለው አልተዉትም፣ ሁለት ሰዎች አምነውት ተነሱ። ጃኮብ ማርሊንና ስቲቨን ሱዌል ይባላሉ።

እነዚህ ሁለቱ ለአንድ ሙሉ ጉብኝት ይበቁ ነበር። ሰው በሌለበት ምድር አንድ ጎጆ ሠርተው ገቡ። ሁለት ሰው ብቻ! እና በሃይማኖት ተጣሉ። ሱዌል ጎጆውን ለቆ እዚያው አጠገብ ያለ ትልቅ ዛፍ ውስጥ ገባ፣ ዛፉ ውስጡ ባዶ ነበር። አንድሩ ሉዊስ በ1751 ሲደርስባቸው አንዱ ጎጆ ውስጥ፣ አንዱ ዛፍ ውስጥ ነበሩ። ምነው ቢላቸው፣ ከተለያየን ወዲህ ፍቅራችን ጨምሯል፣ በየጠዋቱ እሱ ከጎጆው እኔም ከዛፌ ወጥተን ደህና አደርክ እንባባላለን አለው ሱዌል። አክስቴ ይኼን ስተረጉምላቸው በጣም ሳቁ። የኛ ሰው በቅባትና በተዋሕዶ ስንት ዘመን እንደተናነቀ አስታውሰው ነው መሰለኝ «እነሱስ ብልሆች ናቸው፣ ዛፍ ነበራቸው» አሉ። የሰፈሩበት ቦታ ዛሬ ማርሊንተን ይባላል፣ በ1821 ተከፍሎ ፖካሆንታስ ካውንቲ ውስጥ ገብቷል። ሱዌል ወደ ምዕራብ ገፍቶ ሄዶ በኋላ ተገደለ፣ ስሙ ተራራ ላይ ቀረ። ተራራውን ያዙልኝ፣ እንመለስበታለን።

የግሪንብራየር ትርጉሙ አረንጓዴ እሾህ ማለት ነው። የአንድሩ አባት ጆን ሉዊስ ወንዙ ዳር ሲቀይስ እሾህ ጠላልፎ ይዞት፣ ተናዶ ይኼን ወንዝ በእሾሁ ስም እጠራዋለሁ አለ ይባላል። ሮንስቨርት የምትባለው የጎረቤት ከተማ ስምም ያው ነው፣ በፈረንሳይኛ። እስከዚህ ድረስ ለልጁ አምስት ከአምስት ሰጥቼው ነበር። ሲያወራ ይጥማል፣ አይቸኩልም፣ ጥያቄ ሲጠየቅ ደስ ይለዋል።

ከዚያ ወደ ሙቷ ደረስን። ፍርድ ቤቱ ፊት ለፊት ቆምን። ሕንጻው በ1837 የተሠራ የጡብ ቤት ነው፣ የ1897ቱ ችሎት የዋለው እዚያው ነው።

ዞና ሂስተር የምትባል የገጠር ልጅ በ1896 መጨረሻ ላይ ኤድዋርድ ሹ የሚባል መጤ አንጥረኛ አገባች። አንጥረኛ ስል አክስቴ «ቡዳ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። የለም እትዬ፣ ይኼ የኛው አገር ክፉ ወሬ ነው፣ እዚያ አንጥረኛ የሚከበር ሠራተኛ ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። ትዳሩ ሦስት ወር እንኳን በቅጡ አልቆየም። ጃንዋሪ 23 ቀን 1897 ሹ ከሚሠራበት ሆኖ የሰፈር ልጅ ወደ ቤቱ ላከ። ልጁ ሲገባ ዞና መሬት ላይ ተዘርግታ ሞታለች። ዶክተር ጆርጅ ናፕ እስኪደርስ አንድ ሰዓት ገደማ ፈጀበት። ሲደርስ ባልየው ሬሳውን ወደ መኝታ ቤት ወስዶ አጥቦ፣ ኮሌታው እስከ አገጭ የሚደርስ ቀሚስ አልብሶ፣ አንገቷ ላይ ሻርፕ አስሮ ጨርሷል።

እዚህ ላይ አክስቴ አስቆሙኝ። «ቆይ፣ ባልየው ነው የገነዛት? ሴት የለም አገሩ?»

አስጎብኚው ምን አሉ ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። በጣም ገረመውና ለሁሉም ጮክ ብሎ ደገመው፤ ያኔ እዚያም ሴት ሬሳ የሚያጥቡትና የሚያለብሱት የጎረቤት ሴቶች ነበሩ፣ ባል እጁን አያስገባም። እንግዲህ ነገሩ የተበላሸው ገና ከመጀመሪያው ነው፤ ከአሥራ አራት ሰው ውስጥ እንግሊዝኛ የማይሰሙት ብቻ ነቁበት።

ዶክተሩ ሊመረምራት ሲል ሹ ጭንቅላቷን አቅፎ ያለቅሳል። አንገቷ ላይ ትንሽ ብልዝ ነገር አየ፣ ጠጋ ሲል ሹ ተቆጣ፣ ዶክተሩም ትቶ ወጣ። ምክንያቱን መጀመሪያ «የማያነቃ ራስን መሳት» አለው፣ ቆየት ብሎ ከወሊድ ጋር የተያያዘ ነው ብሎ ለወጠው። የአክስቴ ልጅ ይኼን ስትሰማ በንዴት ትንተከተካለች። «አንገት ሳይነካ የሞት ምክንያት ይጻፋል? ዘመድ አለቀሰ ተብሎ?» ትላለች። እስካሁንም አልበረደላትም።

ሬሳው ወደ ወላጆቿ አገር፣ ወደ ትንሹ ሱዌል ተራራ ተወሰደ። አዎ፣ ያ በዛፉ ሰውዬ ስም የተጠራው። በለቅሶው ላይ ባልየው ከሬሳ ሳጥኑ ራስጌ አልነቃነቅም አለ፤ በአንድ ጎን ትራስ፣ በሌላው ጎን የተጠቀለለ ጨርቅ አድርጎ ጭንቅላቷን ደግፎታል። እንዲመቻት ነው አለ። ሬሳውን ሲያነሱ ግን ጭንቅላቷ ወዲያ ወዲህ ሲል ሰው አይቷል። እናትየዋ፣ ሜሪ ጄን ሂስተር፣ ያን ቀን ነው የጠረጠረችው። ከሳጥኑ ውስጥ ያወጣችውን አንሶላ ልትመልስለት ብትል አልቀበልም አላት። ቤት ወስዳ ስታጥበው ውሃው ቀላ ይባላል።

ከዚያ ለአራት ሳምንት ያህል ጸለየች። ልጄ መጥተሽ ንገሪኝ እያለች። በኋላ የሞተችው ልጅ አራት ሌሊት ተከታትላ መጣች። በሕልሜ አይደለም፣ ነቅቼ ነው ያየኋት አለች እናትየዋ፣ እስክትሞትም ድረስ ከዚህ ቃሏ ፍንክች አላለችም። ልጅቷ የነገረቻት እንዲህ ነው፦ ለእራት ስጋ ስላልሠራሁ ተቆጥቶ አንገቴን ሰበረው። ይኼን ብላ ስትሄድ ፊቷ ወደ ኋላ ዞሮ እናቷን እያየ ሄደ፣ ሰውነቷ ወደ ፊት፣ ፊቷ ወደ ኋላ።

እዚህ ላይ ነጭ ቀሚስ የለበሰች የድርጅቱ ሠራተኛ ከዛፍ ጀርባ ብቅ አለች። አንድ ልጅ ጮኸ። ሰው ሳቀ። እኔ ግን የዚያን ጊዜ ነው ነጥብ መቀነስ የጀመርኩት፤ የአንድ እናት ታሪክ ጫፍ ላይ ደርሶ በቀልድ ተበላሸ።

እናትየዋ ዐቃቤ ሕጉ ጆን ፕሬስተን ዘንድ ሄደች። መንፈስ ነገረችኝ ብላ! ሰውየው አላባረራትም፣ ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ሰማት። የመንፈሱን ነገር አመነም አላመነ፣ ሰው ጠይቆ ዶክተሩን ሲያፋጥጠው፣ በቅጡ እንዳልመረመራት ዶክተሩ አመነ። ያ ይበቃል። ፌብሩዋሪ 22 ቀን መቃብሩ ተከፍቶ አስከሬኑ በአንዲት የትምህርት ክፍል ውስጥ ተመረመረ። አንገቷ ተሰብሯል፣ የአየር ቧንቧዋ ተጨፍልቋል፣ ጉሮሮዋ ላይ የጣት ምልክት አለ። ሹ እዚያው ተቀምጦ ነው ይኼ ሁሉ የተነገረው።

ፍርድ ቤት የሆነውን ስሙ። ችሎቱ በጁን 22 ተጀመረ። ዐቃቤ ሕጉ የመንፈሱን ነገር ጭራሽ አላነሳም፣ ሆን ብሎ። ያነሳው የተከሳሹ ጠበቃ ነው! እናትየዋን አእምሮዋ የተነካ ሊያስመስላት ፈልጎ ስለ ሕልምሽ ንገሪን አላት። ሕልም አይደለም አለች፣ ከዚያም ከሀ እስከ ፐ አንድ ሳታዛንፍ ተረከችው። ጠበቃው አጣደፋት፣ አላወላወለችም። በገዛ እጁ ለጁሪው፣ ለሚፈርዱት ተራ ሰዎች፣ አስሰማላት። ጁሪው ወጥቶ ከአንድ ሰዓት ብዙም ሳይርቅ ጥፋተኛ ነው ብሎ ተመለሰ፤ ዕድሜ ልክ። የሰፈሩ ሰው አልበቃውም፣ ገመድ ይዞ ሊሰቅለው ሲነሳ ሸሪፉ ነው ያስቆመው። ሹ በ1900 ማውንድስቪል እስር ቤት ሞተ። ከዞና በፊት ሁለት ሚስት ነበረው፣ አንዷ ሞታበታለች፤ ሰባት ሚስት ሳላገባ አልሞትም ይል ነበር ይባላል።

ስቴቱ መንገድ ዳር ባቆመው ሰሌዳ ላይ የመንፈስ ምስክርነት ነፍሰ ገዳይ ያስፈረደበት ብቸኛው የታወቀ ጉዳይ ይላል። እኔ በዚህ አልስማማም። መንፈሷ አልመሰከረችም፤ የመሰከረችው እናቷ ናት፣ የፈረደበት ደግሞ የተሰበረ አንገቷ ነው። ሌላም ነገር አለ። የዞና ሞት በወጣበት የአገሬው ጋዜጣ እትም ላይ ከአውስትራሊያ የመጣ የመንፈስ ታሪክ ታትሞ ነበር፣ የተገደለ ሰው መንፈሱ መጥቶ ሬሳው ያለበትን እንዳሳየ የሚናገር። እናትየዋ አንብባው ከሆነስ? መንገዱ ላይ ለአክስቴ ይኼን ነገርኳቸው። ትንሽ አሰቡና «ብታነብስ? ልጄን ባሏ ገደላት ብላ ብቻ ብትሄድ ማን ይሰማታል? ሙት ነገረችኝ ስትል ነው የሰሟት» አሉ። እኔ ይኼን ጉዳይ ለመረዳት ሦስት ጽሑፍ አንብቤአለሁ፤ አንዱም እንዲህ አላለም።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። ጉብኝቱ አንድ ሰዓት ተኩል ነው። ለሙቷ አርባ ደቂቃ ሄደ። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የደቡቡን፣ የኮንፌዴሬቱን፣ ጦር የመራው የጄኔራል ሊ ፈረስ ትራቭለር እዚህ ካውንቲ ውስጥ ነው የተወለደው ተብሎ ለፈረሱ ሰባት ደቂቃ ግድም ተሰጠ፣ ሰዓቴን አይቻለሁ። ለዲክ ፖይንተር ሦስት ደቂቃ! «ምሽጉን ያዳነ ጀግና ባሪያ ነበር፣ ነጻነቱን ተሸለመ» ተባለና ወደ ቀጣዩ ቤት አለፍን። መቃብሩ በእግር የሚደረስ ነው፣ አልሄድንም። ለምን ብዬ ብጠይቀው ልጁ አፍሮ፣ መንገዱ በኩባንያው የተወሰነ ነው፣ ነገ በቀን ራሳችሁ ሂዱ፣ ቅርብ ነው አለኝ። አፍሮ ማለቱ ለኔ ግማሽ ነጥብ ነው።

እሁድ ጠዋት ራሳችን ሄድን። መጀመሪያ የድንጋዩ ቤተ ክርስቲያን ጋ ደረስን። በ1796 የተሠራ ነው፣ ከአሌጌኒ ተራሮች ወዲያ ሳይቋረጥ እስከ ዛሬ ከሚገለገልባቸው አብያተ ክርስቲያናት አንጋፋው ይባላል። ለሲሚንቶው የሚሆነውን አሸዋ ሴቶች በፈረስ ጭነው ከወንዙ ያመላልሱ ነበር ይላሉ። ውስጡ ፎቅ አለው፣ ባሪያዎች ይቀመጡ የነበረው እዚያ ነው። አክስቴ የቤተ ክርስቲያኑን ደጃፍ ተሳለሙ፣ ፕሮቴስታንት ነው ብላቸው «ድንጋዩን የተሸከሙት ሴቶች ናቸው፣ እነሱን ነው የተሳለምኩ» አሉ። አሸዋ ነው እትዬ ብዬ አላረምኳቸውም።

ከዚያ ብዙም ሳይርቅ የጥቁሮቹ መቃብር አለ፣ ዲክ ፖይንተርም እዚያ ነው። ታሪኩ በሦስት ደቂቃ የሚያልቅ አይደለም። ሾኒ የሚባሉት የአገሬው ሕንዶች አለቃ ኮርንስቶክ በ1777 ፖይንት ፕሌዛንት ያለው ምሽግ ውስጥ በሰላም ገብቶ፣ ታግቶ፣ ኖቬምበር ላይ ከልጁ ጋር ተገደለ። በሚቀጥለው ዓመት ሁለት መቶ የሚሆኑ ተዋጊዎች ወደ ግሪንብራየር ተነሱ። አስጎብኚያችን ስለነሱ ሲያወራ እንደ ጎርፍ ነው፣ መጡ ሄዱ። ደም ሊመልሱ የመጡ ሰዎች መሆናቸውን አልነገረንም። ይባስ ብሎ ከምሽጉ ሁለት መልእክተኞች ቀድመው ሮጠው ሰፈሩን ያስጠነቀቁት በሾኒዋ ኖንሄለማ እርዳታ ነው ይባላል፤ እንደ ሾኒ ቀብታና አልብሳ የላከቻቸው የሟቹ የኮርንስቶክ እኅት ናት። አንድ ፊልም የሚበቃ ነገር በአንድ ዐረፍተ ነገር አለፈ።

ሜይ 29 ቀን 1778 ጎህ ሲቀድ ፎርት ዶናሊ ላይ አደጋ ተጣለ። አብዛኛው ወንድ ተኝቷል። በሩ ጋ የነበሩት ከመልእክተኞቹ አንዱ የሆነው ሃሞንድና ዲክ ፖይንተር፣ የኮሎኔል ዶናሊ ባሪያ፣ ናቸው። በሩ በመጥረቢያ እየተፈለጠ ሁለቱ በጀርባቸው ደግፈው ያዙት፣ ውሃ የሞላበት በርሜልም ደገፉበት። በሩ ሲሰነጠቅ ፖይንተር ከልክ በላይ የተጎረሰ ጠመንጃ አንስቶ በክፍተቱ ተኮሰ። ግፊቱ ራሱን ጣለው። ውጭ ያሉት አፈገፈጉ፣ ሌላው ሰው ነቃ፣ ምሽጉ ተረፈ።

ነጻነቱን ግን አልተሸለመም። በ1795 ለቨርጂኒያ ምክር ቤት ነጻ ይውጣ የሚል ማመልከቻ ቀረበለት፣ ምክር ቤቱ አልተቀበለም። ነጻ የወጣው በ1801 ነው። በሩን ከደገፈ ሃያ ሦስት ዓመት በኋላ! በ1827 ሞተ። ስንት ሰው በዚያ በር ምክንያት አድጎ፣ አግብቶ፣ ወልዶ ሲኖር እሱ ንብረት ነበር። ይኼን ነው «ተሸለመ» ብለው የሚያልፉት። አስጎብኚ ድርጅቱ ይኼን ቢያነብልኝ ደስ ይለኛል፤ ከፈረሱ ላይ አምስት ደቂቃ ቀንሱለት፣ ሌላ አልጠየቅኩም።

እዚያው ከተማ ውስጥ የኮንፌዴሬት ወታደሮች መቃብርም አለ፣ ስማቸው ያልታወቀ 95 ሰዎች በመስቀል ቅርጽ በተቆፈረ አንድ ጉድጓድ ተቀብረዋል። በሜይ 23 ቀን 1862 እዚህ መንገድ ላይ ነው ውጊያው። ሄደን አይተን ተመለስን።

ምግቡ ላይ ብዙ አልቆይም። አክስቴ ጽጌን ይጾማሉ። አንድ ደስ የምትል ምግብ ቤት ገብተን ባቄላና የበቆሎ ዳቦ አለ ተባልን፣ የአገሩ ምግብ ነው። ስጋ አለበት ወይ ብዬ ብጠይቅ አስተናጋጇ በኩራት «የአሳማ ቁርጭምጭሚት ገብቶበታል፣ አለዚያማ ምን ባቄላ ነው?» አለችኝ። ዳቦውም ወተትና እንቁላል አለበት። አክስቴ የተጠበሰ ፖም ለማዘዝ ቃጡ፣ ቅቤ አለው ስትል ትተውት ከቦርሳቸው ቆሎ አወጡ። የአክስቴ ልጅ «ለስጋ ሲባል አንገት የሚሰበርበት አገር ነው፣ ዝም ብለሽ ብይ» ብትላቸው በጥፊ ሊሏት ነበር። ጾመኞች፣ ስንቅ ያዙ።

ለምትሄዱ፦ ጃኬት ያስፈልጋል፣ ማታ ይበርዳል። የእግረኛው መንገድ ጡብና ዳገት ነው፣ ጉልበት የሚያማቸው ሰዎች ይቸገራሉ፤ የኛ አክስት ሁለት ቦታ ተቀምጠዋል፣ ልጁም ጠብቋቸዋል። ለልጆች ሙቷ ታስፈራለች። ቦታ አስቀድማችሁ ያዙ፣ ጥቅምት ላይ ይሞላል። የሚቻል ከሆነ ከአስጎብኚው አጠገብ ቁሙና ጠይቁት፤ ሲጠየቅ ከተጻፈለት የበለጠ ያውቃል።

ወደ ቤት ከመመለሳችን በፊት ወደ ምዕራብ በ64 ሄደን መውጫ 156 ላይ ወጣን፣ ሳም ብላክ ቸርች። ሰሌዳው እዚያ ነው። ከዚያ ዞና ወደተቀበረችበት ወደ ሶል ቻፕል ሄድን። ትንሽ የገጠር መቃብር፣ ሰው የለም፣ ንፋስ ብቻ። ነርሷ ልጅ፣ ሬሳ በየሳምንቱ የምታየዋ፣ ከመኪና አልወርድም አለች። በሩን ቆለፈች። አክስቴ ወረዱ። ድንጋዩን አገኘነው፣ ቅጠል ሸፍኖታል። ጎንበስ ብለው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት፣ ነፍስ ይማር አሉ፣ ከዚያ ቀና ብለው ተራራውን አዩ። «በዚህ ቁልቁለት ነው እናትየዋ እስከ ከተማ የሄደችው?» አሉኝ። አዎ አልኳቸው። «በእግር?» በፈረስ ይሆናል እትዬ። «ሩቅ ነው» አሉ።

መኪናው ጋ ስንመለስ ልጅቷ እስክትከፍትልን ሦስቴ አንኳኳን። ፔርሙዙ ውስጥ የቀረች ቡና ነበረች፣ ለሦስት ተካፈልናት።